በአስተውሎት የተቆለፈ ሽንት ቤት

ሀዋሳ መሃል ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ የሚገኘው መሥሪያ ቤታችን ባለፈው ዓመት በግጭት አፈታት ረገድ ከፍተኛ ውጤት አስመዝግቧል። መሥሪያ ቤቱ የተቀናጀ ክትትል ማስተባበሪያ ይባላል። ምን እንደሚከታተል በየዓመቱ በሚከለስ ሰነድ ስለሚወሰን፣ እዚህ ላይ ባልዘረዝረው ይሻላል። እኔ የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ነኝ። የሆነውን ሁሉ ከየትኛውም ወገን ሳልወግን ለመናገር እሞክራለሁ።

ሕንጻችን ሦስት ሽንት ቤቶች አሉት። የምድር ቤቱ የተሰበሩ ወንበሮችና ቀናቸው ያለፈ ባነሮች ይቀመጡበታል። ወደ ሁለተኛ ፎቁ ውኃ አይወጣም። የአንደኛ ፎቁ ግን ይሠራል። መሥራቱ እንደታወቀም ተቆልፏል።

ቁልፉን የምትይዘው የኃላፊው ጸሐፊ ወይዘሮ ካሰች ናት። ለካሰች ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል፤ በሩን የቆለፈችው በክፋት አይደለም። ክፍት በነበረበት ዘመን የባጃጅ ሾፌሮች ከመንገድ እየገቡ ይጠቀሙበት ነበር፤ አንዱማ ባጃጁን የሚያጥብበትን ውኃ በጀሪካን እየቀዳ ይወስድ ነበር። ቁልፉ ሰው ኪስ ውስጥ ገብቶ እንዳይረሳም ከተሰበረ ወንበር እግር ጋር በሽቦ ታስሯል። ስለዚህ በእኛ መሥሪያ ቤት ወደ ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው የወንበር እግር ጨብጦ ነው በኮሪደሩ የሚያልፈው። ጉዳዩን የማያውቁ ባለጉዳዮች ግድግዳ ይዘው መንገድ ይለቃሉ።

ነገሩ የተጀመረው በመዝገብ ቤት ኃላፊው በጋሽ ዓለማየሁ ነው። ጋሽ ዓለማየሁ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ስኳር ያለባቸው ሰው ናቸው። ሐኪማቸው «ውኃ በብዛት ይጠጡ» ብሏቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ የታዘዙትን የሚፈጽሙ ናቸው። አንድ ቀን ቁልፍ ፍለጋ ወደ ካሰች ቢሮ ሲመጡ ካሰች የለችም። ለቅሶ ሄዳለች። ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የመሳቢያው ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ቦርሳዋም አብሯት ለቅሶ ላይ ነው።

ጋሽ ዓለማየሁ በሥራ ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሪደር ላይ ጮኹ።

«ሰው እንዴት ለሽንቱ ለቅሶ እስኪበተን ይጠብቃል? ኧረ እናንተ ሰዎች!»

ከዚያ እየተጣደፉ መንገድ ተሻግረው ካፌ ገቡ። ዝም ብሎ ሽንት ቤት መግባት ያሳፍራልና ማኪያቶ አዘዙ። ማኪያቶው በበኩሉ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሌላ ጉዳይ አስነሳባቸው፤ እንደገና ተሻገሩ፤ እንደገና አዘዙ። የዚያን ቀን ከሰዓት የመዝገብ ቤት አገልግሎት በካፌው በረንዳ ላይ ተሰጥቷል ማለት ይቻላል።

በማግስቱ ኃላፊያችን አቶ አምሳሉ አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ።

«ትናንት በኮሪደር ላይ ግጭት ተከስቷል» አሉ። «የግጭቱ መንስኤ ምንድን ነው?»

«ቁልፉ አንድ ነው» አሉ ጋሽ ዓለማየሁ። «ፒያሳ ወስደን አንድ ሌላ እናስቀርጽ። ቀራጩ ቆመን እያየነው ይጨርሰዋል።»

«ይህ ላይ ላዩን ማየት ነው፣ ጋሽ ዓለማየሁ። እኔ የምጠይቀው ሥር መሠረቱን ነው።»

«ሥር መሠረቱ ሽንቴ ነው፣ አቶ አምሳሉ።»

አቶ አምሳሉ ይህንን እንዳልሰሙ አለፉት። በሰፊው ካብራሩ በኋላ፣ መሠረታዊው ችግር የሽንት ቤቱ መቆለፍ ሳይሆን ሠራተኛው የሽንት ቤቱን መቆለፍ የሚያስተናግድበት መንገድ መሆኑ ላይ ተደረሰ። ሁለት የውሳኔ ሐሳቦች ቀረቡ። ተጨማሪ ቁልፍ ማስቀረጽ የሚለው የመንግሥት ንብረትን የማባዛት ጉዳይ ስለሆነ በጥናት እንዲታይ ተባለ። ለሠራተኛው በንቁ አስተውሎት ግጭትን ስለመፍታት ስልጠና ይሰጥ የሚለው ግን በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጋሽ ዓለማየሁም እጃቸውን አውጥተዋል። በኋላ እንደነገሩኝ እጃቸውን ያወጡት ለመውጣት ፈቃድ ለመጠየቅ ነበር፤ ድምፁ ግን ተቆጥሮ አልቋል።

ስልጠናው የተሰጠው ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ውስጥ ነው። አሰልጣኙ ዮፍታሄ የሚባል ወጣት ነበር። ነጭ ሰፊ ሸሚዝ ለብሶ በባዶ እግሩ ቆሞ፣ የተኛ ሕፃን አጠገቡ ያለ ይመስል በሹክሹክታ ያወራል።

«ግጭት ሲመጣ እናቆማለን» አለ። «እንተነፍሳለን። ስሜታችንን ሳንፈርድበት እንታዘባለን። ስም እንሰጠዋለን። ከዚያ የሌላውን ሰው ቃል መልሰን ለራሱ እንነግረዋለን። ጥሞና ማለት ይኸው ነው።»

የፋይናንሷ ፀጋ እጇን አወጣች። «ጥሞናማ እኔ ጠዋት ጠዋት አለኝ። ከጌታ ጋር ነው የማደርገው።»

«ይሄኛው ከራስ ጋር ነው።»

«ከራሴ ጋርማ መቼ ተስማምቼ አውቃለሁ? ለዚህ አይደል ወደ ጌታ የምሄደው!»

ዮፍታሄ ተነፈሰና አለፈ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰደን። አንድ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ራሰ በራ አናቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ ውኃውን ያያል።

«ተመልከቱት» አለ ዮፍታሄ። «ምንም አያስጨንቀውም። ከማንም ጋር አይጋጭም። ሚስጥሩ ምን ይመስላችኋል?»

«እሱማ ባለበት ነው የሚለቀው» አሉ ጋሽ ዓለማየሁ።

ስልጠናው እጅግ ውጤታማ ነበር። በቆየንባቸው ቀናት በሠራተኞች መካከል አንድም ግጭት አልታየም። ሁሉም ይስቃል፤ ካሰችና ጋሽ ዓለማየሁ አንድ ጠረጴዛ ላይ ዓሣ ጎረሱ፤ ተጎራረሱም። ዮፍታሄ ይህንን የአተነፋፈሱ ውጤት ነው ብሎ መዝግቦታል። ለሁሉም ወገን ፍትሐዊ ለመሆን ግን፣ የሆቴሉ አዳራሽ በስተግራው አራት ሽንት ቤቶች እንዳሉትና አራቱም ክፍት እንደነበሩ መጥቀስ አለብኝ። ይህንን ለአቶ አምሳሉ አንስቼላቸው ነበር። ከርዕሱ ጋር አይሄድም ብለውኛል።

ወደ ቢሮ እንደተመለስን አዲሱ አሠራር ተጀመረ። ቁልፍ ፈላጊ ከካሰች ጠረጴዛ ፊት ይቆማል። ሁለቱም ይተነፍሳሉ። መመሪያው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የመጀመሪያው ተጠቃሚ ጋሽ ዓለማየሁ ነበሩ።

«ካሰች፣ ቁልፍ።»

«ጋሼ፣ አንዴ እንተንፍስ።»

«ተንፍሻለሁ። ከመዝገብ ቤት ጀምሬ እየተነፈስኩ ነው የመጣሁት።»

«ጥሩ። አሁን የሚሰማዎትን ስሜት ስም ይስጡት።»

«ሽንት።»

ካሰች ወደ ግድግዳው ዞራ አነበበች። «እሱ ስሜት አይደለም ይላል፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ልበልልሽ?»

«ስጋት ሊሆን ይችላል። ቅሬታ ሊሆን ይችላል። የመገለል ስሜትም አለ።»

«ስጋት ይሁንልኝ።»

«እንደሰማሁት ከሆነ፣ አሁን ስጋት እየተሰማዎት ነው። በትክክል ሰምቻለሁ?»

«ካሰች፣ በእናትሽ!»

«ይሄ ደግሞ ልመና ነው» አለች ካሰች። መሳቢያውን ከፈት አድርጋ እጇን ቁልፉ ላይ አሳርፋ ቆመች። «ልመናን ለብቻው እንታዘበው ወይስ ከስጋቱ ጋር?»

እየቀለደች አልነበረም። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ወደ ጠረጴዛዋ መጥቶ እጁን ዘርግቶ ቁልፍ ወስዶ ይሄድ ነበር፤ ስሟን እንኳ የሚጠራት ጥቂት ነው። አሁን ሁሉም ፊቷ ቆሞ የልቡን ይነግራታል። በዚህ ብዙ ተጠቅማለች። ፊቷ ፈክቷል፤ ውፍረትም ጨምራለች።

ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ሪፖርቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። «በሩብ ዓመቱ ሁለት መቶ ግጭቶችን በአስተውሎት ለመፍታት ታቅዶ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ግጭቶችን መፍታት ተችሏል» ይላል። ከዕቅድ በላይ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሁለት መቶ ሠላሳው የሽንት ቤት ቁልፍን የሚመለከቱ ሲሆኑ አንዱ የመስኮት ነው። ያጋጠሙ ችግሮች በሚለው ሥር «የሉም» ተብሎ ተሞልቷል።

ከበላይ አካል ምስጋና መጣ። ከምስጋናው ጋርም እንደተለመደው የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ዕቅድ በእጥፍ እንዲያድግ ተነገረን። አልፎ ተርፎም አቶ ምንያህል የተባሉ ከፍተኛ የሥራ ኃላፊ ተሞክሮውን በአካል ለማየት ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ ተገለጸ።

በዚህ መሃል አደጋ ደረሰ። የቧንቧ ሠራተኛው ሔኖክ የአቶ አምሳሉን የእጅ መታጠቢያ ሊጠግን መጥቶ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንድ ነገር ሲነካካ ሁለተኛ ፎቅ ውኃ ወጣ። የሁለተኛ ፎቁ ሽንት ቤት ሥራ ጀመረ። ቁልፍም አልነበረውም።

ሕንጻው ጸጥ አለ። ካሰች ጠረጴዛ ፊት የሚቆም ሰው ጠፋ። ሠራተኛው ደረጃ ላይ ሲገናኝ ሰላምታ ይለዋወጥ ጀመር። ጋሽ ዓለማየሁ የጠፉ ፋይሎችን ሁሉ አገኙ። አቶ አምሳሉ ቢሮአቸው አስጠሩኝ። ፊታቸው ገርጥቷል።

«ምንድን ነው ይሄ ጸጥታ?»

«ሠራተኛው ተስማምቷል፣ አቶ አምሳሉ።»

«በምን?»

«በውኃው።»

ተነሥተው በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። «ዕቅዳችን አራት መቶ ግጭት ነው። እስካሁን ስንት ፈታን?»

«ከሔኖክ ወዲህ አንድም።»

«እንግዳው ሲመጡ ምን ልናሳያቸው ነው? ሰው ሽንት ቤት ሲገባና ሲወጣ? ይሄ በየቤቱ ያለ ነገር ነው፤ ተሞክሮ አይባልም!» ከመስኮቱ ዞሩና «ሔኖክን ጥራልኝ» አሉ።

«ውኃውን እንዲዘጋው ነው?»

«ዝጋ አላልኩም። የውኃው አወጣጥ ባለሙያ ሳያጠናው መቀጠል የለበትም ነው ያልኩት።»

ሔኖክ ግራ ገብቶት ዘጋው። ሁለተኛ ፎቅ በር ላይ «በጥናት ላይ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በፊት ብቻ አሥራ ሰባት ግጭት ተፈታ።

ለጉብኝቱ ሠርቶ ማሳያ እንዲያቀርቡ የተመረጡት ጋሽ ዓለማየሁ ናቸው። አቶ አምሳሉ ራሳቸው መዝገብ ቤት ድረስ ወርደው ጠየቋቸው።

«እውነተኛ ባለጉዳይ እርስዎ ነዎት። ካሰች ፊት ቆመው በተረጋጋ መንፈስ ቁልፉን ይጠይቃሉ። በቃ።»

ጋሽ ዓለማየሁ መነጽራቸውን አወለቁ። «እሺ። ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። እንግዳው ከሄዱ በኋላ ለመዝገብ ቤት አንድ ቁልፍ ይቀረጽ። ለጡረታዬ ጥቂት ነው የቀረኝ። እሷን ጊዜ እንኳ እየሮጥኩ መንገድ ሳልሻገር ልጨርስ። ትናንት ባጃጅ ለጥቂት ሳተኝ።»

«ቃሌ ነው» አሉ አቶ አምሳሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

አሰልጣኝ ዮፍታሄም ለዝግጅቱ ተጠርቶ አንድ ምክር ብቻ ጨመረ፦ ስሜቱ ትኩስ እንዲሆን ጋሽ ዓለማየሁ በዚያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሽንት ቤት እንዳይገቡ።

እንግዳው ሦስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ ተባለ። በሦስት ሰዓት ባነሩ ተሰቅሏል፤ አበባው ተዘጋጅቷል፤ ጋሽ ዓለማየሁ ወንበር ላይ እግራቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። አራት ሰዓት ሆነ። በአምስት ሰዓት ጋሽ ዓለማየሁ መቀመጥ ትተው ቆሙ። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ መቆም ትተው መራመድ ጀመሩ። አጠገባቸው ሄጄ «ጋሼ፣ ይቅርብዎት፤ ካፌው ድረስ ላድርስዎ» አልኳቸው።

«ተወኝ ልጄ» አሉኝ ግንባራቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። «ለቁልፍ ነው።»

ስድስት ሰዓት ሲያልፍ መኪናው ደረሰ። አቶ ምንያህል ወረዱ። በመንገድ ላይ ሙቀቱ ስለበረታባቸው የታሸገ ውኃ ሲጠጡ እንደመጡ ሾፌራቸው በኋላ ነግሮናል። በዚያን ጊዜ ግን አላወቅንም። አጫጭር እርምጃ እየረገጡ፣ ቀጥ ብለው፣ ማንንም ሳያዩ ሲገቡ ክብራቸው ነው ብለን አጨበጨብን።

አቶ አምሳሉ የእንኳን ደህና መጡ ንግግር አደረጉ። ከመሥሪያ ቤቱ ምሥረታ ነው የጀመሩት። ወደ ሁለተኛው የማሻሻያ ምዕራፍ ሲደርሱ አቶ ምንያህል ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው አንድ ነገር አንሾካሾኩ። የአቶ አምሳሉ ፊት በራ።

«የተከበራችሁ ሠራተኞች!» አሉ በማይክሮፎኑ። «ክቡር እንግዳችን ሽንት ቤት የት እንደሆነ ጠይቀዋል! በሠርቶ ማሳያው ራሳቸው በተግባር ሊሳተፉ ፈቅደዋል!»

ጭብጨባው አልቆም አለ። አቶ ምንያህል «አይ፣ እኔ እንኳ...» ሲሉ ሰው አጅቦ ወደ ካሰች ጠረጴዛ ወሰዳቸው። እዚያ ጋሽ ዓለማየሁ ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ የወንበሩ እግር ተጋድሟል።

ዮፍታሄ እጆቹን አጋጠመ። «ይህ በስልጠና ዓለም የማይገኝ ዕድል ነው። ሁለት ፍላጎት፤ አንድ ቁልፍ። እባካችሁ ፊት ለፊት ተያዩ። ክቡርነትዎ፣ ምን ይሰማዎታል?»

«መውጣት ይሰማኛል።»

«ከየት የመጣ ስሜት ነው?»

«ከአዲስ አበባ ጀምሮ ነው» አሉ አቶ ምንያህል።

«የእኔ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ነው» አሉ ጋሽ ዓለማየሁ።

«ድንቅ! አሁን አንዳችሁ የሌላውን ቃል መልሱ።»

«እንደሰማሁት ከሆነ...» አቶ ምንያህል ጥርሳቸውን ነከሱ፤ «ካለፈው ዓመት ጀምሮ ነው። በትክክል ሰምቻለሁ?»

«ሰምተዋል፣ ጌታዬ። እድሜ ይስጥልኝ። የሰማኝ የመጀመሪያው ሰው ነዎት።»

ካሰች ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዮፍታሄ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «ሁላችንም ዓይናችንን እንጨፍን። ቁልፉን እንርሳው። ትንፋሻችንን ብቻ እንከተል። ወደ ውስጥ... ወደ ውጭ...»

ሁሉም ጨፈነ። አቶ አምሳሉ፣ ካሰች፣ ፀጋ፣ ፎቶ አንሺው፣ በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ሳይቀር። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆንኩ አንድ ዓይኔን ከፍቼ ነበር። ጋሽ ዓለማየሁ ቀስ ብለው ጎንበስ ሲሉ፣ የወንበሩን እግር ሲያነሡና በእግር ጣታቸው እየረገጡ ወደ ኮሪደሩ ሲያልፉ አይቻለሁ። መታዘብ እንጂ መፍረድ አልተፈቀደልኝም።

ጥቂት ቆይቶ ከግድግዳው ወዲያ የውኃ ድምፅ ተሰማ። ረጅም፣ የማያቋርጥ።

«የሚፈስ ውኃ ድምፅ ለመረጋጋት በጣም ጥሩ ነው» አለ ዮፍታሄ ዓይኑን እንደጨፈነ። «ሁላችንም ራሳችንን ለድምፁ እንስጥ።»

አቶ ምንያህል ራሳቸውን ሊሰጡ ትንሽ ቀራቸው። ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ጠረጴዛውን አዩ፤ ወዲያው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ወረዱ። የመኪናው ጎማ አስፋልቱ ላይ ሲጮህ ሰማሁ።

ሌሎቹ ዓይናቸውን ሲገልጡ እንግዳውም ቁልፉም የሉም። ያን ጊዜ ጋሽ ዓለማየሁ የወንበሩን እግር ይዘው ተመለሱ። ፊታቸው ላይ በሐይቁ ዳር ካየሁት ወዲህ ያላየሁት ሰላም ነበር። ዮፍታሄ በጣቱ አመለከታቸው። «ይህንን ፊት እዩ! አንድ ትንፋሽ ምን እንደሚሠራ እዩ!»

አቶ አምሳሉ ግን ወንበር ላይ ተደፍተው ነበር። «አለቀልኝ» አሉ። «እንግዳው ተቆጥተው ሄዱ።»

አልሄዱም። ሐይቅ ዳር ያለው ሆቴል ድረስ ደርሰው ነው የመጡት። ተመልሰው ሲገቡ እርምጃቸው ረጅም ነበር፤ ጥበቃውን እንኳ ስሙን ጠይቀው ጨበጡት። በቀጥታ ወደ ማይክሮፎኑ ሄዱ።

«ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ ትልቅ ነገር ተምሬያለሁ» አሉ። «ያሳለፍኩትን ስቃይ እኔ ነኝ የማውቀው። ሆኖም አልጮኽኩም። ማንንም አልተሳደብኩም። ሽንት ቤቱ ለምን ተቆለፈ ብዬም አልጠየቅኩም! በመንገዴ ሁሉ ሳስብ የነበረው ምንድን ነው? እኔ ይህን ያህል ከቻልኩ ሕዝባችን ምን ያቅተዋል?»

ሕንጻው በጭብጨባ ተናወጠ።

«ውኃ ጠፋ ብሎ የሚመጣ ባለጉዳይ አለ። መብራት ጠፋ የሚል አለ። መንገዱ ይሠራልን እያለ በየዓመቱ ፊርማ የሚያሰባስብ አለ። እስከ ዛሬ እነዚህን ሰዎች ስናስተናግድ የኖርነው ቧንቧ፣ ሽቦና አስፋልት እናመጣለን እያልን ነው። ስሜታቸውን ማን ጠየቀ? ከእንግዲህ በየቢሮው መጀመሪያ ይተነፍሳሉ። ይህ ተሞክሮ ይሰፋል። በጀቱም ተገኝቷል፤ ለጥገና ከተያዘው ይዞራል።»

ሁሉም ቆሞ አጨበጨበ። አቶ አምሳሉ አለቀሱ። ጭብጨባው ጋብ ሲል ከኋላ ጋሽ ዓለማየሁ እጃቸውን አወጡ። በዚህ ጊዜ ለመውጣት አልነበረም።

«ክቡር ሆይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ። «የመዝገብ ቤት ቁልፍ እንዲቀረጽ ቃል ተገብቶልኝ ነበር። እሱ ነገርስ?»

አቶ ምንያህል የሚያውቁትን ሰው ስም ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው ወደ አቶ አምሳሉ ዞሩ። አቶ አምሳሉ ዓይናቸውን ጠርገው፣ አየር በረጅሙ ስበው፣ ቀስ ብለው ለቀቁና ጋሽ ዓለማየሁን በሐዘን ተመለከቷቸው።

«አይ ጋሽ ዓለማየሁ» አሉ፤ «አገር እዚህ ደርሷል፤ እርስዎ ገና ሽንት ቤት ላይ ነዎት?»